ድምፅ ማጉያው ዝም ያለበት ክረምት

ሰኞ

ወንድ ነው!

ሚጣ ከክሊኒኩ በር ላይ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ መርማሪዋ ወንድ ይመስላል ብላኛለች» አለችኝ። እኔ ዘንድ ለማንም አትናገር ማለት ለአንድ ሰው ብቻ አትንገር ማለት ነው። ስለዚህ ለሁሉም ነገርኩ።

ይህን ደብተርም ዛሬ የጀመርኩት ለእሱ ብዬ ነው። አድጎ ሲያነበው እንዲስቅብኝ።

ሚጣ የእህቴ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ በእኔ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ውስጥ፣ ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮኖች መሃል ነው ያደገችው። አሁን የአውቶቡስ ሾፌር አግብታ ሆዷ ገፍቷል፤ ለእኔ ግን ያው ሚጣ ናት።

ሱቄ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አለ። የሰቀልኩት ለማስታወቂያ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የሠፈሩ ልደት ማብሰሪያ ሆነ። ልጅ ሲወለድ ማይኩን እከፍትና ወንድ ይሁን ሴት፣ ማንን እንደሚመስል፣ አባትየው ምን ያህል እንደተርበተበተ እለፍፋለሁ። ማንም አልሾመኝም። አንድ ደንብ ብቻ ነበረኝ፤ ሳይወለድ አላውጅም። ዛሬ ጣስኩት።

«ትኩረት! ትኩረት! በሾፌሩ ቤት የሚጠበቀው መንገደኛ ወንድ መሆኑ ተረጋግጧል። አባትየው ከዛሬ ጀምሮ ፍሬኑን ይፈትሽ!»

እህቴ ከቤቷ እየተንደረደረች መጣች። «አንተ ሬዲዮ! ሳይወለድ ምን ያስለፈልፍሃል?»

«እታለም፣ ዜና ከቆየ ይሻግታል።»

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ለወንዱ ልጅ ክብር ዛሬ እንኳ ጢምህን ልላጭህ?» አለኝ። ጢም እንደሌለኝ ያውቃል። «መንገድ ላይ ነው፣ ሲደርስ እልክልሃለሁ» አልኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ተባባልን፤ አይሰለቸን።

ይሞቃል። ሰማዩ ደመና ይዞ ይታበያል እንጂ አይዘንብም። ሁለቱ ሸሚዞቼ ጀርባዬ ላይ ተጣብቀዋል።

ሐሙስ

ዝናቡ ጀመረ። እሷም ሬዲዮዋን ይዛ መጣች።

በየክረምቱ ታመጣዋለች። «እርጥበት ሳይገባበት አልቀረም፣ ይንኮሻኮሻል» ትለኛለች። ባልና ሚስት ሆነን በኖርንበት ዘመን በእጄ የሠራሁላት ሬዲዮ ነው። ስትሄድ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ እሱን ብቻ ወሰደች። ዛሬ ትንሿን ልጇንም አስከትላ ነበር። ልጅቷ የመፍቻዎቼን ሣጥን ስትጎረጉር ቆየች። ስትስቅ አፍንጫዋን የምትሸበሽበው እንደ እናቷ ነው።

ከሄዱ በኋላ ከፈትኩት። አንድ ሽቦ ተላቅቋል። በየዓመቱ የሚላቀቀው ያው ሽቦ ነው። ብየዳ ነካ ሳደርገው እንደ አዲስ ዘመረ። ማታ ደውላ «ደረሰ?» ስትለኝ ግን መለዋወጫ እስኪመጣ ጠብቂ አልኳት።

መለዋወጫ ቢቀየርለት አይጠላም። ጥንቃቄ ነው።

ቅዳሜ

ተወለደ! ከኮሪደሩ ሆኜ ለቅሶውን ሰማሁ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው! ያለ ድምፅ ማጉያ ይበቃዋል።

አዋላጇ ስትወጣ ሾፌሩ ዘሎ ተነሳ። «ወንድ ነው አይደል?»

«እናትየዋ ደህና ናት።»

«ልጁስ?»

«ሐኪም ይየው» ብላው አለፈች።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። ያወጅኩት እኔ አይደለሁ! የምቀልደው አጣሁ።

እሑድ፣ በችኮላ

ወንድ ነው ሴት ነው ለማለት አይቻልም አሉ። ብልቱ አልለየም። ፍሬዎቹ ወደ ቦታቸው አልወረዱም። ሰውነት ጨው የሚያፈስበት ሕመም አለ፣ እሱ ከሆነ ይገድላል። ደም ወስደዋል። እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ አልቀመጥ አለች። ዳቦ ገዛሁ፣ ማንም አልበላም። ሚጣ ተኝታለች ይላሉ፤ አልተኛችም፣ ዓይኗን ጨፍና ነው።

ማክሰኞ

የጨው ነገር አይደለም። ተመስገን። አይሞትም።

በሕይወት መኖሩ ሲረጋገጥ ሌላው ጥያቄ ተነሳ። ሠፈሩ በሙሉ ሱቄ በር ላይ ነው። «ጋሼ ሬዲዮ፣ ተወለደ አሉ! ምነው ዝም አልክ?»

«ማይኩ ተበላሽቷል።»

«የጠጋኝ ማይክ ይበላሻል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁ። እነሱ ሲሄዱ በሩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

የሾፌሩ እናት ሚጣን «በእርግዝናሽ ምን በላሽ?» ብላታለች። ሚጣ ነገረችኝ። ስትነግረኝ ልጇን እያየች ነበር፤ የበላችውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሰች ይመስለኛል። ምነው ያን ቀን አፌን በቆረጠው። ባልለፍፍ ኖሮ ቢያንስ የሚጠይቃት ሰው ይቀንስ ነበር።

ሐሙስ ማታ

መጽሐፍ አገኘሁ። መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ ስለ ፅንስ የሚያወራ አንድ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ ነበረው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሬዲዮ መሥራት የተማርኩት ሬዲዮ እየሰበርኩ ነው። መጽሐፍም እንደዚያው ነው የማነበው፤ ያልገባኝን እያለፍኩ፣ የገባኝን ደጋግሜ።

እንዲህ ይላል። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አንድ ነን። እናት ማርገዟን በቅጡ ሳታምን፣ ፅንሱ ባቄላ በሚያክልበት ጊዜ፣ የወንዱም የሴቱም ተመሳሳይ ነው። ለሁለቱም መንገድ የሚሆን ቱቦ በየሰውነታችን ተዘርግቷል። ከዚያ ወንድ በሚሆነው ፅንስ ላይ አንዲት ዕጢ የዘር ፍሬ መሆን ትጀምራለች። መልእክት ትልካለች። አንዱ ሆርሞን የሴቷን መንገድ «አንተ አታስፈልግም፣ ሟሟ» ይለዋል። ሌላው የወንዱን መንገድ «አንተ ቆይ፣ እደግ» ይለዋል። ይኸው ሁለተኛው ደግሞ ወደ በረታ ዓይነት ተለውጦ ውጪውን ይቀርጻል። መውለጃው ሲቃረብ ፍሬዎቹን ወደ ቦታቸው እንዲወርዱ የሚረዳም እሱ ነው።

ይህ ሁሉ በጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ። ሰው ሳይወለድ ስንት ስርጭት ያልፍበታል! መልእክቱ ሰዓቱን ጠብቆ ካልደረሰ፣ በኋላ ቢጮኽ ዋጋ የለውም ይላል፤ ውጪው የሚቀረጽበት ጊዜ አጭር ነው። ይቺን ገጽ ደጋግሜ አነበብኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ለሕፃኑ ብዬ ነው።

አርብ

ሾፌሩን ጠርቼ አስረዳሁት። «ጣቢያው ደክሞ ነው፣ ሆርሞኑ ጎድሎ ነው። በመርፌ ይሞሉለታል፣ ያልቃል!» አልኩት። አቅፎ አንገቴን ሳመኝ። እየሮጠ ለእናቱ ሊነግር ሄደ።

ማክሰኞ

መቼ ነው አፌ የሚዘጋው?

የሆርሞን ሐኪሟ ሁላችንንም ጠራችን። ረጋ ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። የክሮሞዞም ምርመራው የወንድ ነው አለች። ሾፌሩ ተነፈሰ። «ሆርሞኑም አልጎደለም፤ እንዲያውም ሞልቶ የተረፈ ነው» አለች። ሾፌሩ እኔን አየኝ። እግሬ ሥር ያለው ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ መርፌው?» አላት።

«መድኃኒት ሰጥተን ሰውነቱ ምን ያህል እንደሚቀበል ማየት እንችላለን። ቃል ግን አልገባም። የምጠረጥረው መልእክቱን የሚቀበለው ክፍል ደክሞ እንደሆነ ነው። መልእክቱ ይደርሳል፣ ሕዋሶቹ የሚሰሙት ግን በከፊል ነው።»

ከዚያ ወደ እህቴና ወደ ሚጣ ዞረች። ይህ ዓይነቱ በእናቶች በኩል የሚያልፍ ነው፤ ተሸካሚዋ እናት ግን ምንም ላይታይባት ይችላል አለች። «በእናት በኩል ልጅ ያልወለደ ወንድ አለ? በሕፃንነቱ ብሽሽቱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት? ጢም ያላበቀለ? በጉርምስናው ደረቱ ላይ ጡት ያወጣ?»

እህቴ መሬት መሬት እያየች «የለም» አለች።

እኔ ምን አልኩ? «እኔ አለሁ እንጂ! እኔን ግን ያበላሸኝ ብየዳው ነው» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ሚጣ እንኳ ፈገግ አለች። ሐኪሟ ብቻ አልሳቀችም። የሸሚዜን አንገት፣ ከሥሩ የሚታየውን ሌላውን ሸሚዝ አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ቶሎ መለሰች።

ረቡዕ

ሾፌሩ ከሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ቀዶ ሐኪም ነው። «ሴት ማድረጉ ይቀላል፣ ትንሽ እያለ ይደረግ፣ አያስታውሰውም» ብሎታል። ቀጠሮ ይዟል። የሚቀጥለው ሳምንት ማለቂያ ላይ።

ሚጣ አልስማማም ብላለች። እሱ ደግሞ፣ «ስሙን ማን ልበለው? ተሳፋሪው ሁሉ ምን ወለድክ ይለኛል። መሪ ይዤ እያለቀስኩ እየነዳሁ ነው እኮ!» ይላታል። መጥፎ ሰው አይደለም። የሚያውቀው ሰው የለም፤ እንዲህ ሆኖ የኖረ አንድም ሰው አይቶ አያውቅም። ለዚህ ነው።

ሐሙስ ማታ

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ነው። አንድ ሰው ታውቃለች።

እናቴ ሄርኒያ ነበረብህ ትለኝ ነበር። ጠባሳው ብሽሽቴ ላይ በሁለቱም በኩል ነው። ከወንዶች ልጆች ጋር ወንዝ አትውረድ፣ ሸሚዝህን አታውልቅ። የእሷም ወንድም፣ ልብስ ሰፊው አጎታችን፣ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ይለብስ ነበር። ለብቻው ኖሮ ለብቻው ሞተ። እኛ ልጆች ካፖርቱን እያየን እንስቅበት ነበር። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር።

አብሮን መሳቁ ዛሬ ነው የገባኝ።

የምታውቀው እሷ ናት፣ ባለ ሬዲዮዋ። ልጅ ትፈልግ ነበር። የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ሥራዋን ታቆማለች፤ ሳህን እያጠበች ከሆነ ውኃው እየፈሰሰ ትቆማለች። እኔ ይህን አያለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትለኝ ቀልድ እፈጥራለሁ። በመጨረሻ «ሂጂ፣ ጥርት ያለ ጣቢያ ፈልጊ» ብዬ ሸኘኋት። እስከ መንገዱ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ፣ እያሳቅኋት። መታጠፊያው ላይ መሳቅ አቆመች። እኔ ግን አላቆምኩም።

ድምፅ ማጉያውን የሰቀልኩት በዚያው ዓመት ነው። ንፋሱ ሲመች እሷ ሠፈር ድረስ ይሰማል ይላሉ። የሰውን ልጅ ሁሉ አበሰርኩ።

አርብ

ሄድኩ።

ሐኪሟ በሩን ዘጋችና «ተቀመጡ» አለችኝ። ቆሜ አንደኛውን ሸሚዝ አወለቅኩ፤ ሁለተኛው ላይ እጄ እምቢ አለ። «አይቸኩሉ» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አወለቅኩት።

ብዙ ጠየቀችኝ። ሁሉንም በቀጥታ መለስኩ። አንድም ቀልድ አልወጣኝም፤ አፌ ባዕድ ሆነብኝ። ደም ሰጠሁ።

«ዶክተር፣ ለሕፃኑ ይጠቅመዋል?»

«በጣም። ከእርስዎም ከእሱም ተመሳሳዩን የዘረ መል ለውጥ ካገኘን ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ወላጆቹ ያያሉ።»

ከመውጣቴ በፊት፣ ልብሴን ለብሼ ካበቃሁ በኋላ፣ «ድሮ መጥቼ ቢሆን… ልጅ…?» አልኳት።

«የሚሆን አይመስለኝም» አለች። «ግን ብቻዎን አይሸከሙትም ነበር።»

በዝናቡ ውስጥ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼው ኖሯል።

ሐሙስ

የእኔ ውጤት ወጣ። ሕፃኑም እኔም ላይ ያው ለውጥ ነው። ጣቢያዬ ዕድሜ ልኩን በጩኸት ሲያሰራጭ ኖሯል፤ የደከመው ተቀባዩ ነው። ደንበኞቼ ጣቢያውን ሲራገሙ ስንቴ ሳቅሁባቸው!

ቀዶው ነገ ጠዋት ነው። እህቴ ቤት ሰበሰብኳቸው። ሻይ ተቀዳ፣ ቀዘቀዘ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ሸሚዙን፣ ጠባሳውን፣ ልብስ ሰፊውን አጎታችንን። እህቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ «እማዬ እንዳልናገር አስምላኝ ሞተች» አለች። ታላቄ እኮ ናት። ስታጥበኝ፣ ስታዝለኝ የኖረች። ስታውቅ ኖራለች፤ እኔም ማወቋን ሳውቅ ኖሬያለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ስንዞረው ኖርን።

ሚጣ «እና ከእኔ ነው የመጣበት?» አለች።

«ከእናትሽ፣ ከአያትሽ፣ ከዚያም በላይ። የበላሽው ነገር አይደለም። ያደረግሽው ነገር አይደለም። ከመወለድሽ በፊት ነው ጉዞ የጀመረው።»

ሾፌሩ የቀዘቀዘ ሻዩን ገፋ አደረገ። «አጎቴ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «እንዴት አድርገህ ኖርክ?»

«ሁለት ሸሚዝ ደርቤ።»

ማንም አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት። «ሰውነቴ አላደከመኝም። ሠርቼ እበላለሁ፣ ወድጄ አውቃለሁ፣ ተወድጄም አውቃለሁ። ያደከመኝ መደበቁ ነው። እኔን በሕፃንነቴ ቆርጠው ሌላ ሰው ቢያደርጉኝ ኖሮ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም። የእሱ ሰውነት ነው። አሁን አያምመውም፣ አይገድለውም። ወንድ ነው ብላችሁ አሳድጉት፣ እየነገራችሁት አሳድጉት፤ ሲያድግ ምን እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት። የሚጠይቀው ነገር ሲኖረው ደግሞ እኔ አለሁለት። ለእኔ ልብስ ሰፊው ቢነግረኝ ኖሮ…»

ሾፌሩ ተነስቶ ቁልፉን ይዞ ወጣ። በሩ ክፍት ቀረ።

አርብ፣ ከሰዓት

ጠዋት ሱቅ ከፍቼ መፍቻ በእጄ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድም ዕቃ አልነካሁም። አውቶቡስ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ባዶ ነው።

ሾፌሩ ወረደ። «የአውቶቡሱ ሬዲዮ ይንጫጫል፣ እየው» አለኝ። ገብቼ አየሁት። ምንም የለውም። ዝም ብዬ ክዳኑን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩ።

«ቀዶውን ሰረዝኩት» አለኝ፣ ውጪ ውጪውን እያየ። «ሚጣ እያለቀሰች ተኛች። እውነተኛ እንቅልፍ።»

«መልካም።»

«ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ልጅ ወለድኩ በል። ቀሪውን እኔ እመልሳለሁ።»

ሲሄድ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ደግሞ ዛሬ ሞቋል፣ አንዱን አውልቅ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያ ባለጌ! ፀጉር አስተካካዩ ምን ማለቱ ነው አለኝ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ።

ሰኞ

ደውዬ ሬዲዮሽ ደርሷል አልኳት። መጣች። ለብቻዋ።

ከፈትኩላት፣ ጥርት አለ። «መለዋወጫው መጣ?» አለችኝ። «መለዋወጫ አላስፈለገውም ነበር። በመጣ ቀን ነው የጨረስኩት» አልኳት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ሕፃኑን፣ ሐኪሟን፣ የደከመውን ተቀባይ። ስም እንዳለው፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ያኔ ሄደን ቢሆን እንኳ መልሱ ያው እንደነበር።

እጇ ሬዲዮው ላይ ነበር። «እኔ ያኔም አውቄው ነበር እኮ» አለች። «ሚስትህ አልነበርኩም እንዴ? የሄድኩት በእሱ አይደለም።»

«ልጅ ትፈልጊ ነበር።»

«እፈልግ ነበር። የሰው ልጅ አምጥተን እናሳድግ ልልህ ስንት ቀን አፌን ከፈትኩ! በከፈትኩ ቁጥር ታስቀኛለህ። እያሳቅህ ሸኘኸኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አትሂጂ ብትለኝ እቀር ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እንደለመድኩት የምላት ነገር አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«አትሂጂ ማለት ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አሁን ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ።»

ሬዲዮውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሽቦውን በዚህ ጊዜ አጥብቄ ነው የበየድኩት፤ ከእንግዲህ አይላቀቅም። መታጠፊያው ድረስ ሻንጣ የለ፣ ቀልድ የለ። ቆሜ አየኋት።

እሑድ

ዝናቡ አባራ። ሚጣ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሾፌሩን አስከትላ ሱቅ መጣች። እህቴም አለች። ሠፈሩ የመጡበትን ሳያውቅ አልቀረም፤ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት ወጣ።

«ጋሼ ሬዲዮ፣ ማይኩ ተሠራ?»

«ተሠራ።»

አንድ ሸሚዝ ነው የለበስኩት። ማንም ልብ አላለም። ስንት ዓመት የፈራሁት ይህን ነው!

ማይኩን ከፈትኩ። «ትኩረት! ትኩረት!» አልኩና ቆምኩ። የማውቃቸው ቃላት ሁሉ አነሱብኝ። ሚጣ «በል እንጂ አጎቴ» አለችኝ። ማይኩን ወደ ሕፃኑ አፍ ጠጋ አደረግኩት። «ይኸው፣ ባለ ጉዳዩ ራሱ ይናገር።»

መጀመሪያ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ቀላ፣ አፉን ከፈተና ለቀቀው። ምን ዓይነት ለቅሶ ነው! ጣሪያው ነዘረ፣ ርግቦች ከሽቦው ላይ ተነሱ፣ እህቴ ጆሮዋን ይዛ በሳቅ ፈረሰች፣ ሾፌሩ «ጥሩምባ ነው የወለድኩት!» እያለ ይዘላል። አንድም ሰው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅም አይሰማም ነበር።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩለት።

ዛሬ ንፋሱ ወደዚያ በኩል ነው። እሷ ሠፈር ሳይሰማ አልቀረም።